ርካሽ አፓርታማ ፍለጋ፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ ቱሉ ዲምቱ

ከዲሲ ወጣ ብሎ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ዊተን መኖር የሚፈልግ ሐበሻ ርካሽ ቤት ሲያስብ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ሰው ነው። አንዱ ለአንዱ ይናገርና ቤዝመንት፣ ማለትም የሰው መኖሪያ ቤት ምድር ቤት፣ ይገኛል። ዲፖዚት የሚሉት መያዣ የለም፣ ክሬዲት የሚሉት የብድር ታሪክ አይጠየቅም፣ መብራትና ዋይፋይ ከኪራዩ ጋር ነው። አገሩን ገና ለሚለምድ ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው፤ ስንት ቤተሰብ እግሩን የተከለው እንዲህ ባለ ቤት ነው። ጣጣው የሚመጣው ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ፣ ወደ አፓርታማ ለመውጣት ሲያመለክቱ ነው። ኪራዩ በጥሬ ገንዘብ ተከፍሏል፣ ውል አልተፈረመም፤ ስለዚህ አንድም ወር ሳያሳልፍ የከፈለ ሰው አፓርታማውን ለሚያከራየው ሊዚንግ ቢሮ የኪራይ ታሪክ የሌለው ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ቤዝመንትም ቢሆን አንድ ገጽ ውል መፈራረም፣ ኪራዩን በቼክ ወይም ዜል በሚባለው የስልክ ገንዘብ መላኪያ ከፍሎ የወሩን ስም መጻፍ። መኝታ ክፍሉም እሳት ቢነሳ ሰው የሚወጣበት መስኮት ከሌለው፣ ምንም ያህል ቢረክስ አይገባበትም።

አፓርታማ ላይ የመጀመሪያው ወንፊት ገቢ ነው። ብዙዎቹ ሕንፃዎች ከታክስ በፊት ያለው የወር ገቢ የኪራዩን ሦስት እጥፍ እንዲሆን ይፈልጋሉ፤ ኪራዩ 1,800 ዶላር ከሆነ 5,400 ማሳየት ያስፈልጋል። ደመወዝተኛ ፔይስተብ የሚባሉትን የቅርብ ጊዜ የደመወዝ ወረቀቶቹን ያቀርባል፣ ያበቃል። ኡበርና ሊፍት የሚነዳው ወገናችን ግን እዚህ ላይ ይወድቃል። ታክስ ሲያሠራ የነዳውን ማይል ሁሉ ስለሚያስቀንስ ወረቀቱ ላይ የሚቀረው ትርፍ ትንሽ ነው፤ ቢሮው ደግሞ የሚያየው ያንኑ ትርፍ ነው። በመጪው ዓመት ቤት ለመቀየር ያሰበ ሰው ይህን ለታክስ ሠሪው አስቀድሞ ይንገር። የስድስት ወር የባንክ ስቴትመንት ይቀበሉ እንደሆነም የማመልከቻ ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት ይጠይቅ፤ ማመልከቻው ውድቅ ቢሆን ገንዘቡ ሁሉ ላይመለስ ይችላልና።

ማስታወቂያ ላይ ያለውን ዋጋ ማመን ሌላው ስህተት ነው። «የአንድ ወር ኪራይ ነፃ» የሚል ቤት በ1,650 ይለጠፋል፤ ውሉ ላይ ግን የተጻፈው 1,800 ነው። ነፃው ወር ለ12 ተካፍሎ ነው ዋጋው ያነሰው። ውሉ ሲታደስ ጭማሪው የሚሰላው በ1,800 ላይ ነው። በዚያ ላይ ፓርኪንግ፣ ቆሻሻ፣ ውሃ፣ ኢንሹራንስ፣ «አሜኒቲ» የሚሉት ክፍያ ይደረባል። ሊዚንግ ቢሮውን «በየወሩ ከሂሳቤ የሚወጣው ጠቅላላ ስንት ነው?» ብሎ በኢሜይል ጠይቆ መልሱን በጽሑፍ መያዝ ይበጃል። በእኛ እምነት አዋጩ አዲሱ ባለመስታወት ሕንፃ አይደለም፤ ሊፍት የሌለው ባለሦስትና ባለአራት ፎቅ አሮጌው ጡብ አፓርታማ ነው። ብዙ ጊዜ ማሞቂያና ውሃ ኪራዩ ውስጥ ይካተታል። ሲልቨር ስፕሪንግና ዊተን ያሉበት ሞንትጎመሪ ካውንቲ በ2024 ሥራ ላይ ያዋለው ደንብም 23 ዓመት የሞላቸውን ሕንፃዎች ዓመታዊ ጭማሪ ከ6 በመቶ በላይ እንዳይሆን ይገድባል፤ አዲሶቹን አይነካም፣ አንድ ሁለት ቤት ብቻ ያለውን ግለሰብ አከራይም አይመለከትም። ወንዙን ተሻግሮ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ለሚሄድ እንዲህ ያለ ጣሪያ የለም። ቤት ለማየት ጥሩው ጊዜ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ነው፤ በበጋቸው ሁሉም ስለሚንቀሳቀስ ዋጋው ይወጣል።

ሜሪላንድ ውስጥ ከኦክቶበር 2024 ወዲህ ዲፖዚት ከአንድ ወር ኪራይ መብለጥ የለበትም፤ ሲለቁም በ45 ቀን ውስጥ መመለስ አለበት። የግድግዳውን ጭረት፣ የምንጣፉን እድፍ፣ የምድጃውን ውስጥ በገቡበት ቀን ፎቶ አንስቶ ለቢሮው መላክ የኋላ ክርክር ያስቀራል።

ወደ አገር ቤት ስንዞር፣ አዲስ አበባ ዳር ላይ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ቦሌ አራብሳ ያሉት ኮንዶሚኒየሞች ከመሃል ከተማው ይረክሳሉ። የረከሰው ግን በትራንስፖርትና በውሃ ይካካሳል። አራተኛ ፎቅ ላይ የውሃ ግፊት ሲያንስ ቧንቧው አየር ብቻ ይተነፍሳል፤ ስለዚህ ሮቶ መኖሩን፣ ፈረቃው በሳምንት ስንት ቀን እንደሆነ ከደላላው ሳይሆን ከጎረቤት መጠየቅ ነው። የካርድ ቆጣሪው ለብቻ ነው ወይስ የጋራ? የጠዋቱን ታክሲ ሰልፍም በሥራ ቀን ሄዶ ማየት ያስፈልጋል።

አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ተከራይን የሚጠብቅ ሕግ ነው። ውሉ ከ2 ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከ2 ወር እንዳይበልጥ፣ ውሉ በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ፣ ክፍያውም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲሆን ያዛል። ሕጉን የሚያፈርሰው ግብር ለመቀነስ ተብሎ ውሉ ላይ ዝቅ ተደርጎ የሚጻፈው ዋጋ ነው። ተከራዩ «ይሁን» ብሎ ይፈርማል፤ ልቀቅ ወይም ጨምር የተባለ ቀን በእጁ ያለው ማስረጃ እውነተኛውን ኪራይ አያሳይም።

እዚህ ላይ ዲያስፖራውም ድርሻ አለው። እነዚያ ኮንዶሚኒየሞች ውስጥ ባለቤቱ አሜሪካ ወይም ዱባይ የሆነ ቤት ጥቂት አይደለም። ሜሪላንድ ላይ ውል ሳይፈርም አፓርታማ የማይገባ ሰው፣ አዲስ አበባ ያለውን ቤቱን ለወንድሙ በስልክ «ሰው ፈልግለት» ብሎ ያስረክባል። ወንድምየው ውክልና ከሌለው ውሉን ማስመዝገብ አይችልም፤ ተከራዩም የከፈለውን ለማን እንደከፈለ አያውቅም። ባለቤቱ ዋሽንግተን ካለው ኤምባሲ ውክልና ይስጥ፤ ማከራየት፣ ኪራይ መቀበልና ውል ማስመዝገብ የሚሉት ሥልጣኖች በስማቸው ይጻፉበት፤ አዲስ አበባም ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጥ። ተከራይም ቀብድ ከመስጠቱ በፊት ይህን ውክልናና የባለቤቱን የቤት ሰነድ ጎን ለጎን አስቀምጦ ስሙን፣ የብሎኩንና የቤቱን ቁጥር ያመሳክር።