በተቆለፈ በር ጀርባ ሆኖ «ፈራሁ» ማለት ለመተኮስ አይበቃም

ጁን 2 ቀን 2023 ማታ፣ በፍሎሪዳዋ ኦካላ ከተማ፣ አንዲት የአራት ልጆች እናት የጎረቤቷን በር አንኳኳች። ልጆቿ ከአፓርትመንቱ አጠገብ ባለው ሣር ላይ ሲጫወቱ ጎረቤቲቱ ጮኻባቸዋለች። በወረወረችው የስኬቲንግ ጫማም የአንዱን ልጅ የእግር ጣት መታችው። እናትየው ይህን ስትሰማ ልታናግራት ሄደች። በሩ ተቆልፎ ነበር። ከውስጥ አንድ ጥይት ተተኮሰ፣ በሩን በስቶ ወጣና ደረቷን መታት። የ10 ዓመት ልጇ አጠገቧ ቆሞ ነበር።

ተኳሿ የታሰረችው ከአራት ቀን በኋላ ነው። የአካባቢው ሸሪፍ ለምን ወዲያው እንዳልያዛት ሲጠየቅ፣ ነገሩ ራስን መከላከል ሊሆን ይችላል የሚባል ከሆነ ያ ሳይጣራ ማሰር ሕጉ አይፈቅድልኝም አለ። ሟቿ ጥቁር፣ ገዳይዋ ነጭ ነበረች። በምርመራው ጊዜም የሰፈሩን ልጆች በዘር ትሰድብ እንደነበር አምናለች።

ይህን ታሪክ ደጋግሜ የማነሳው ያቺ እናት ያደረገችውን ማንኛዋም የእኛ እናት ስለምታደርገው ነው። ልጇ እያለቀሰ ቤት ሲገባ ነጠላዋን አጣፍታ «ማነው ልጄን የነካው?» ብላ የማትወጣ እናት አላውቅም። አገር ቤት እንዲህ ያለው ጠብ በጩኸት ይጀምርና ጎረቤት መሃል ገብቶ ያበርደዋል። ቢብስ ሽማግሌ ይቀመጣል። እዚህ ግን ከበሩ ጀርባ ሽጉጥ አለ። ከሽጉጡ ጀርባ ደግሞ ሕግ አለ።

ሕጉ «ስታንድ ዩር ግራውንድ» (ሳትሸሽ ባለህበት ቆመህ ተከላከል እንደ ማለት) ይባላል። ፍሎሪዳ በ2005 ያወጣችው ነው፣ የፈረሙበትም የያኔው ገዢ ጄብ ቡሽ ናቸው። ከዚያ በፊትም ቢሆን ሰው በገዛ ቤቱ ጥቃት ሲደርስበት የመሸሽ ግዴታ አልነበረበትም። ከቤት ውጭ ግን በሰላም መሸሽ የሚቻል ከሆነ መጀመሪያ ሽሽ፣ ገዳይ ኃይል የመጨረሻው አማራጭ ይሁን ይባል ነበር። አዲሱ ሕግ ያንን ግዴታ አነሳው። በመብትህ በቆምክበት ቦታ ሁሉ፣ ለሕይወትህ ያሰጋህን ነገር ለመከላከል የግድ ነው ብለህ በምክንያት ካመንክ፣ መተኮስ ትችላለህ አለ። ቤትህን በኃይል ሰብሮ የሚገባብህ ሰው ካለ ደግሞ ፍርሃትህ ገና ከመነሻው እንደ ተረጋገጠ ይቆጠርልሃል። በዚያ ላይ ከመታሰርም፣ ከመከሰስም፣ ካሳ ከመጠየቅም የሚጠብቅ ከለላ ጨመረ። የኦካላው ሸሪፍ የጠቀሰው ይህን ከለላ ነው። በ2017 የስቴቱ ምክር ቤት አንድ እርምጃ ሄደና፣ ከፍርዱ በፊት በሚደረገው ችሎት ከለላው ይገባዋል ወይስ አይገባውም የሚለውን የማስረዳት ሸክም ከተኳሹ አንስቶ ዓቃቤ ሕግ ላይ ጫነው። ሟች አፍ የላትም። የሚናገረው ገዳዩ ብቻ ነው። እና ይህ ሰው አልፈራም ነበር ብሎ የሰው ልብ ውስጥ ያለውን ማስረዳት ያለበት ዓቃቤ ሕጉ ሆነ።

«ታዲያ በመጨረሻ ተፈረደባት አይደል?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። በኦገስት 2024 ጁሪው (ከሕዝብ የተመረጡት ፈራጆች) በማንስሎተር፣ ማለትም አስቀድሞ ሳይታቀድ በተፈጸመ ግድያ፣ ጥፋተኛ አላት፣ በኖቬምበር ደግሞ 25 ዓመት ተፈረደባት። ዳኛው በሩ ተቆልፎ እንደነበርና ፖሊስም ቀድሞ መጠራቱን ጠቅሰው ተኩሱ ጨርሶ አስፈላጊ አልነበረም አሉ። እኔም በፍርዱ ደስ ብሎኛል። ግን ፍርድ ቤት የሚደርሰው ሰው ከሞተ በኋላ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ሕጉ ከተኩሱ በፊት በሰው ጭንቅላት ውስጥ የሚያስቀምጠው ሐሳብ ነው።

የቴክሳሱን ጉዳይ ልጥቀስ። ሜይ 2010፣ ሀፍማን የምትባል ትንሽ ከተማ። አንድ ጡረታ የወጣ የእሳት አደጋ ሠራተኛ የጎረቤቱ ድግስ ሙዚቃ አስቸገረው። ምን አደረገ? ሽጉጡን ታጠቀ፣ በእጁ ቪዲዮ ካሜራ ያዘ፣ ወደ ድግሱ ቤት ሄደ። እየቀረጸ ነው የሚጨቃጨቀው። ፖሊስ ጋ ደውሎ እያወራ ለሕይወቴ ፈርቻለሁ ይላል፣ ቆሜ ራሴን እከላከላለሁ ይላል፣ ሕጉን አጥንቶ እንደመጣ ሰው ቃላቱን አንድ በአንድ ያስቀምጣቸዋል። ከዚያ ተኮሰ። አንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ሞተ፣ ሌሎች ሁለት ሰዎች ቆሰሉ። እሱም በ2012 40 ዓመት ተፈረደበት፣ ይግባኝ ብሎ ፍርዱን አሻረ፣ በ2015 እንደገና ተዳኝቶ ዕድሜ ልክ ተቀበለ። ሁለት ጁሪ አላመነውም። እሱ ግን እነዚያን ቃላት ካልኩ ሕጉ ይሸፍነኛል ብሎ አምኖ ነው ከቤቱ የወጣው። ቤቱ ቢቀመጥ ኖሮ መምህሩ ዛሬም ክፍል ይገባ ነበር።

የጎረቤት ጠብ ከሌባ ጋር ከመጋጠም የተለየ ነው። ሌሊት መስኮት ሰብሮ የገባን የማታውቀውን ሰው ትፈራዋለህ፣ በቃ። ጎረቤትህን ግን ታውቀዋለህ። የመኪና ማቆሚያው፣ የውሻው ጩኸት፣ የልጆቹ ኳስ፣ በየቀኑ እየተጠራቀመ ሄዶ ቂም ይሆናል። በኦካላም ፖሊስ ከጃንዋሪ 2021 ጀምሮ በእነዚህ ጎረቤታሞች ጉዳይ ስድስት ጊዜ ያህል ተመላልሷል። ታዲያ እንዲህ የከረመ ሰው በሩ ሲንኳኳ የሚሰማው ፍርሃት ይሁን ንዴት በምን ይለያል? ራሱም ላይለየው ይችላል። ሕጉ ግን ይህን ሁለት ዓመት የታመቀ ስሜት «ፍርሃት» ብሎ እንዲጠራው በር ይከፍትለታል።

የሕጉ ደጋፊዎች የሚሉትን አልንቅም። ብቻዋን የምትኖር ሴት አለች። ፖሊስ የሚዘገይበት ሰፈር አለ። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኛ ኦሊቨር ዌንደል ሆምስም በ1921 በጻፉት ፍርድ፣ ቢላ የተነሳበትን ሰው ተረጋግተህ አስብ ማለት አይቻልም ብለዋል። እስማማለሁ። ያኔ የተነሳ ቢላ ነበር። ኦካላ ላይ ያለው የተቆለፈ በር ነው፣ ከበሩ ውጭ ያለችው ሴት ባዶ እጇን ነበረች፣ ፖሊስም እየመጣ ነበር። ሁለቱን በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ አይቻልም።

ሕጉ ወንጀል ይቀንሳል ለሚሉትም ቁጥሩ መልስ ይሰጣል። በ2017 በአንድ ታዋቂ የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ፍሎሪዳ ውስጥ ሕጉ ከወጣ በኋላ የነፍስ ግድያ በ24.4 በመቶ፣ በጦር መሣሪያ የሚፈጸመው ደግሞ በ31.6 በመቶ ጨምሯል ይላል። ለንጽጽር በታዩት ኒው ዮርክ፣ ኒው ጀርሲ፣ ኦሃዮና ቨርጂኒያ እንዲህ ያለ ጭማሪ አልታየም።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። አትላንታ ያላችሁ፣ ዳላስና ሂውስተን ያላችሁ፣ ላስ ቬጋስ ያላችሁ፣ በዚህ ሕግ ሥር ነው የምትኖሩት። ከግማሽ በላይ የሚሆነው ስቴት ተመሳሳይ ሕግ አለው። በየቡናውና በየራይድ ሹፌሩ ወሬ መሃል «ቤትህ ከመጣ ተኩስበት፣ ውጭ ከወደቀ ወደ ውስጥ ጎትተህ አስገባው» የሚል ምክር ሲነገር ሰምቻለሁ። እባካችሁ ይህን ወሬ አታራቡት። አንደኛ፣ አስከሬን መጎተት ማስረጃ ማጥፋት ነው፣ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። ሁለተኛ፣ ይህ ከለላ ለሁሉም እኩል አይሠራም። ከ2005 እስከ 2010 ያለውን የኤፍ.ቢ.አይ. መረጃ ያየ ጥናት፣ ነጭ ጥቁርን የገደለበት ጉዳይ «ተገቢ ነበር» የመባል ዕድሉ ጥቁር ነጭን ከገደለበት በብዙ እጥፍ እንደሚበልጥ አሳይቷል። አነጋገርህ በአክሰንት የሆነ ጥቁር ሰው «ፈርቼ ነው» ስትል ማን እንደሚያምንህ አስብ። ይልቅ በሩን የምታንኳኳው አንተ ልትሆን ትችላለህ። ወይም ልጅህ፣ ኳሱን ሊያመጣ ሄዶ።

ለነገሩ የእኛም ሕግ ይህን ጉዳይ በደንብ አይቶታል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 78 ስለ ሕጋዊ መከላከል ሲናገር፣ ጥቃቱን በሌላ መንገድ ማስወገድ የማይቻል መሆን አለበት፣ መከላከሉም ከአደጋው ጋር የተመጣጠነ መሆን አለበት ይላል። አፈጻጸሙን ትተን የሐሳቡን ጤናማነት እዩት። ሌላ መንገድ ነበረ ወይ? ኦካላ ላይ ነበረ። ሀፍማን ላይም ነበረ።

እኔ የምፈልገው ይህ ጥያቄ ወደ እነዚህ ስቴቶች ሕግ እንዲመለስ ነው፣ ቢያንስ በሚተዋወቁና ጠባቸው ፖሊስ መዝገብ ላይ ባለ ሰዎች መካከል። ሌላም አለ። ፍሎሪዳ ከፓርክላንዱ የትምህርት ቤት ጭፍጨፋ በኋላ በ2018 ባወጣችው ሕግ፣ ፖሊስ ለራሱ ወይም ለሌላ ሰው አደገኛ ነው ያለውን ግለሰብ መሣሪያ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ለጊዜው መያዝ ይችላል። ፖሊስ ለአንድ ጠብ አምስተኛና ስድስተኛ ጊዜ ሲጠራ «እቤት ውስጥ ሽጉጥ አለ?» ብሎ መጠየቅ የሥራው አካል ይሁን።

እስከዚያው ግን ከጎረቤት ጋር ነገር ከከረረ በሩን አታንኳኩ። ልጆቻችሁንም አትላኩ። ቀኑን እየጻፋችሁ ያዙ፣ ለአፓርትመንቱ ኃላፊ በጽሑፍ አመልክቱ፣ ድንገተኛ ያልሆነውን የፖሊስ ቁጥር ደውሉ፣ ብዙ ካውንቲዎች ነፃ የጎረቤት አስታራቂ አገልግሎት አላቸውና እሱንም ጠይቁ። ዜግነት ያላችሁ ደግሞ ይህ ሕግ የሚወጣውም የሚሻረውም ዋሽንግተን ሳይሆን በየስቴቱ ምክር ቤት መሆኑን ልብ በሉ። የጆርጂያው በየዓመቱ ጃንዋሪ ላይ ተከፍቶ 40 የሥራ ቀን ብቻ ነው የሚሰበሰበው፣ ስለዚህ ለተወካያችሁ ቢሮ ከዚያ በፊት ደውሉ።