ማስተካከያ፦ በ1117 ሬጉሌተር (ቮልቴጅን ቋሚ አድርጎ የሚያወጣ ቺፕ) መውጫ ላይ ስለሚገባው ካፓሲተር

አዳማ ባሉ የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኞችና ተማሪዎች የቴሌግራም ግሩፖች ሲዘዋወር የሰነበተው «በኤልኤም1117 መውጫ ላይ ታንታለም ካፓሲተሩን አንስታችሁ ሴራሚክ ብትተኩ ቮልቴጁ ይበልጥ ይረጋጋል» የሚለው ምክር ስህተት ነው።

የአምራቹ ዳታሺት የሚጠይቀው ቢያንስ 10 ማይክሮፋራድ ታንታለም ሲሆን፣ የካፓሲተሩ ውስጣዊ ሬዚስታንስ ከ0.3 እስከ 22 ኦም መሆን አለበት። ሴራሚክ ያለው ጥቂት ሚሊኦም ብቻ ነው። ብዙዎቻችን እንደ ጉድለት የምናየው ይህ ሬዚስታንስ እዚህ ትልቅ ሥራ አለው፤ መውጫውን እየተከታተለ ቮልቴጁን የሚያስተካክለው የፊድባክ ዑደት በመዘግየቱ የሚያጣውን ፌዝ (የሲግናሉን የጊዜ አሰላለፍ) ይመልስለታል። እሱ ሲጠፋ ጭነቱ በድንገት በተለወጠ ቁጥር ቮልቴጁ ይወዛወዛል፣ አንዳንዴም መወዛወዙን ጨርሶ አያቆምም። ማልቲሜትር አማካዩን ስለሚያሳይ ችግሩ አይታይበትም፤ የቮልቴጁን ለውጥ በየቅጽበቱ በሚስለው ኦሲሎስኮፕ ነው የሚታየው።

ምክሩን ተከትላችሁ የቀየራችሁት ሰርኪዩት ዋይፋይ ሲልክ ራሱን ሪስታርት የሚያደርግ ከሆነ መጀመሪያ ይህን ጠርጥሩ። ታንታለሙን ፖላሪቲውን (ፕላስና ማይነሱን) ጠብቃችሁ መልሱ፤ ካጣችሁ ከሴራሚኩ ጋር 0.5 ኦም ገደማ ሬዚስተር በሲሪስ (በተከታታይ) አስገቡ።

እንደ ኤምሲፒ1700 ያሉ አዳዲስ ሬጉሌተሮች ግን ከሴራሚክ ጋር እንዲሠሩ የተነደፉ ስለሆኑ ማስተካከያው እነሱን አይመለከትም።