መጀመሪያ ኤሮፕሌን ሞድ ላይ ሞክሩት

ባለፈው ሳምንት የመምህራን ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ አንድ ባልደረባዬ ረጅም ዝርዝር ለጠፈ። «ለመምህራን የሚጠቅሙ 50 አፖች» ይላል። ልብና ጭብጨባ ዘነበበት። እኔ አምስተኛው ላይ ስደርስ ደከመኝ። ድሬዳዋ ውስጥ ፊዚክስ አስተምራለሁ። 50 አፕ ለመሞከር ጊዜውም ዳታውም የለኝም።

ደግሞ አንዴ ተሸውጃለሁ። ተማሪዎች በስልካቸው እየተሽቀዳደሙ የሚመልሱበት የጥያቄና መልስ ጨዋታ ነበር። ማታ ቤቴ ስሞክረው ግሩም ነው። ጠዋት አሥረኛ ክፍል ይዤው ገባሁ። ከ50 በላይ ተማሪ፣ 7 ስልክ፣ አንድ የእኔ ሆትስፖት። ክቧ ስትዞር፣ ስትዞር 40 ደቂቃው አለቀ። ከኋላ አንዱ «ቲቸር፣ አቦ ጠመኔው ይሻለን ነበር» አለኝ። እውነቱን ነው።

በፕላዝማ፣ ማለትም ክፍል ውስጥ በተሰቀለ ቴሌቪዥን፣ የተማረ ሰው ይህን ድራማ ያውቀዋል። በ1990ዎቹ መጨረሻ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲገባ ትምህርቱ በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ ይመጣ ነበር። መምህሩ ከፍቶ ዳር ይቆማል። ሳይገባህ እጅህን ብታወጣ ስክሪኑ አይጠብቅህም። መብራት ከጠፋማ ያ ትምህርት አለፈ፣ በቃ። ፕላዝማው ከሁሉ በላይ የነሳን የመምህሩን «ቆይ፣ ልድገመው» ነው። በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በሶማሊኛ ጣል የሚያደርጋትን ማብራሪያም እንደዚሁ።

አሁን ፍለጋዬን የምጀምረው ከፈተና ወረቀት ነው። ብዙ ልጅ የሳተው የቱን ነው? ዘንድሮ የኤሌክትሪክ ሰርኪዩት ሆነ። ባትሪና አምፖል ደብተር ላይ አሳምረው ይስላሉ፤ በእጃቸው አገናኝተው አያውቁም። ያሉን መለኪያዎች ለዚያ ሁሉ ተማሪ አይዳረሱም።

ፌትን (PhET) ያገኘሁት ይህን ስፈልግ ነው። የፊዚክስ ኖቤል ተሸላሚው ካርል ዊማን እ.ኤ.አ. በ2002 በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የጀመረው፣ በስክሪን ላይ የሚሠሩ ሙከራዎች ስብስብ ነው። በነጻ ነው። ሽቦ ስታገናኝ አምፖሉ ይበራል። የባትሪውን ሁለት ጫፎች በባዶ ሽቦ ብታገናኝ እሳት ይነሳል። «ሾርት አደረገ» የሚለውን ልጆቹ ከሰፈር ያውቁታል። እሳቱን ሲያዩ ግን ለምን እንደሆነ ጠየቁኝ። እኔም አቁሜ ሰሌዳው ላይ አስረዳሁ፣ ደግሜ ከፈትኩት። አንዴ ካወረድከው ኔት አይጠይቅም።

የእኔ መመዘኛ አንድ ነው። ማታ ስልኬን ኤሮፕሌን ሞድ ላይ አድርጌ እከፍተዋለሁ። ካልሠራ ክፍል አይገባም። ውክፔዲያን ጠቅልሎ ስልክ ላይ የሚያስቀምጠው ኪዊክስ አልፏል፤ የአማርኛው ውክፔዲያ ትንሽ መሆኑ ቢያሳዝንም። ለሒሳብ መምህራን ግራፍና ቅርጽ የሚስለው ጂኦጀብራ አለ።

ፕሊከርስን ብቻ በልዩ አስተያየት አሳልፌዋለሁ። ተማሪው ኮድ የታተመበትን ወረቀት እንደ መልሱ ያዞራል፣ መምህሩ በስልኩ ካሜራ መልሱን ያነባል። ኔት ይፈልጋል፤ ግን ስልኩ አንድ ነው። ሰባት ስልክ ለልመና አልወጣም።

ሥልጠና ለሚያዘጋጁልን ሰዎችም አንድ ነገር ልበል። የአፕ ስም መዘርዘሩ ይቅርብን። አንድ ከሰዓት ስጡንና በየትምህርት ክፍላችን ተቀምጠን እንሞክር።

ዝርዝሩን የለጠፈው ባልደረባዬ «አንተ ስንቱን ትጠቀማለህ?» ብሎ ጠየቀኝ። ሁለቱን አልኩት። ሳቀብኝ። ቅዳሜ ግን ፍላሽ ይዞ ከዚራ ሰፈር ሊመጣ ተቀጣጥረናል።