እርማት፦ ጂም ያልገባ ሰውም ስፖርት ይሠራል

«ጂም ከፍለህ ካልገባህ፣ ላብ ካላጠመቀህ ስፖርት ሠራሁ አትበል» የሚለው በአስተያየቶች ውስጥ ሲደጋገም አየሁ። ወገኖቼ፣ ይህ ትክክል አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ ለአዋቂ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ ፈጠን ያለ የእግር ጉዞም ይቆጠራል። በአንዴ መጨረስ ግዴታ አይደለም፤ አጫጭሩም ይደመራል።

ለማረጋገጥ መሣሪያ አያስፈልግም። ጎንደር ውስጥ ከፒያሳ ወደ ጎሃ ሆቴል ዳገቱን ስትወጡ ማውራት ከቻላችሁ፣ ለመዝፈን ግን ትንፋሽ ካጠራችሁ፣ መካከለኛው እሱ ነው። ማውራትም ካቃታችሁ ከዚያ በላይ ሠርታችኋል ማለት ነው። ጉልበት ወይም ልብ የሚያማችሁ ግን ከሜዳው ጀምሩ፣ ሐኪምም አማክሩ።

በጣም የሚያሳስበኝ፣ የጂም ክፍያ የማይችሉ እናቶቻችንና ጡረተኞች ይህን አምነው ጭራሽ ቤት እንዳይቀመጡ ነው። እባካችሁ፣ የጻፋችሁት አስተካክሉት።