አማተር የአርኪዮሎጂ ማኅበር በሪፖርቱ ይመዘን

ስለ አማተር የአርኪዮሎጂ ማኅበራት ወሬ በተነሣ ቁጥር ሁለት ጽንፈኛ አስተያየቶች ይደመጣሉ። አንደኛው፣ ከመሬት በታች ያለ ቅርስ የባለሙያ ድርሻ ስለሆነ ሌላው ሰው እጁን ይሰብስብ የሚል ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ማኅበር መግባትን በዕረፍት ቀን ወጥቶ ወርቅና ጌጥ ከመፈለግ ለይቶ አያየውም። እኔ በሁለቱም አልስማማም። በሚኖርበት አካባቢ እንዲህ ያለ ማኅበር ያለው ሰው ቢመዘገብ፣ መዋጮውን ቢከፍልና በርትቶ ቢሠራ አጥብቄ እደግፋለሁ፤ ዳሩ ግን የሚገባው ዕቃ ለማግኘት ሳይሆን መዝግቦ ለማቆየት መሆኑን አውቆ፣ ማኅበሩንም ባወጣው ዕቃ ብዛት ሳይሆን ባሳተመው ሪፖርት መዝኖ ሊሆን ይገባል።

የሙያው ታሪክ ራሱ ለዚህ ምስክር ነው። በሰሜን ፈረንሳይ በምትገኘው አቤቪል የጉምሩክ ሹም የነበረው ዣክ ቡሼ ደ ፔርት፣ በሶም ወንዝ ሸለቆ ካለው የጠጠር ክምችት ውስጥ በሰው እጅ የተጠረቡ ድንጋዮች ከምድረ ገጽ ከጠፉ እንስሳት አጥንት ጋር አብረው እንደሚወጡ ለዓመታት ቢያስረዳም፣ አብዛኞቹ የዘመኑ ሊቃውንት አላመኑትም። የድንጋይ መጥረቢያ አልቸገረውም፤ በብዛት ሰብስቦ ነበር። የጎደለው፣ ድንጋዩ በእርግጥ ከዚያ ጥንታዊ የጠጠር ንብርብር መውጣቱን ለተጠራጣሪ የሚያሳምን ማስረጃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1859 ጆሴፍ ፕረስትዊችና ጆን ኢቫንስ ከእንግሊዝ ተሻግረው ወደ ስፍራው ሄዱ፤ የመጀመሪያው የወይን ጠጅ ነጋዴ፣ ሁለተኛው በወረቀት ፋብሪካ ሥራ የሚተዳደር፣ ሁለቱም ጥናቱን በትርፍ ጊዜያቸው የያዙ ሰዎች ነበሩ። በዚያው ሸለቆ በምትገኘው አሚየን ከተማ አጠገብ ባለ የጠጠር መቆፈሪያ አንድ መጥረቢያ ሳይነቀል፣ እንደተቀበረ በፎቶግራፍ እንዲነሣ አደረጉ። የሰው ልጅ በምድር ላይ የኖረበት ዘመን እስከዚያ ይታመን ከነበረው እጅግ የራቀ መሆኑ በሳይንሱ ዓለም ሰፊ ተቀባይነት ማግኘት የጀመረው በዚያው ዓመት ነው። በአንጻሩ ቡሼ ደ ፔርት ግኝት ላመጣለት የጉድጓድ ሠራተኛ ገንዘብ ይከፍል ስለነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1863 ሙላን ኪኞን ከተባለው ቦታ ተገኘ የተባለው የሰው መንጋጋ ሆን ተብሎ የተቀበረ ማታለያ ሆኖ ተገኝቷል። ዕቃው ራሱ ግብ ሲሆን ምን እንደሚከተል ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ አላውቅም።

የቤዝል ብራውን ሥራም በዚሁ ዓይን መታየት አለበት። ብራውን በ12 ዓመቱ ትምህርቱን ያቋረጠ፣ ራሱን በራሱ ያስተማረ ሰው ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1939 በእንግሊዝ ሳተን ሁ በተባለው ስፍራ ከአፈር ጉብታ በታች 27 ሜትር ያህል ርዝመት ያለውን የመርከብ መቃብር የገለጠው እሱ ነው። በዚያ አሲዳማ አሸዋ ውስጥ የመርከቡ እንጨት በስብሶ አልቆ ነበር፤ የቀረው በአሸዋው ላይ ያረፈው የጣውላው ቅርጽና በረድፍ የቆሙ የዛጉ የብረት ሚስማሮች ብቻ ናቸው። ብራውን ሚስማሮቹን አልነቀላቸውም። እያንዳንዱን በነበረበት ትቶ አሸዋውን በጥንቃቄ እየጠረገ ስለሄደ፣ የሌለ መርከብ ሙሉ ቅርጹን ይዞ ወጣ። ቢነቅላቸው ኖሮ በእጁ የሚቀረው የዛገ ብረት ክምር ነበር። ብዙ ሰው ከሳተን ሁ የሚያስታውሰው የወርቁን ጌጥና የራስ ቁሩን ነው፤ ለእኔ ግን የሚበልጠው ያ የሚስማር ረድፍ ነው።

ቁፋሮ ማለት ማፍረስ ነውና አንድ ቦታ ሁለት ጊዜ አይቆፈርም። ጀርመናዊው ሃይንሪክ ሽሊማን እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ በዛሬዋ ቱርክ በሚገኘው ሂሳርሊክ ኮረብታ ላይ የጥንቷን ከተማ ትሮይን ሲፈልግ ኮረብታውን በሰፊ ቦይ ሰንጥቆ ወደ ታች ሲወርድ፣ ሲፈልገው ከነበረው ዘመን ጋር የሚያያዙ ንብርብሮችን ጭምር አፍርሶ አልፏል፤ ያ መረጃ ዛሬ በማንኛውም ቴክኖሎጂ አይመለስም።

እንግዲህ አዲስ አባል ምን ይሠራል? ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያ ሥራው ቁፋሮ አይደለም። ታርሶ ዝናብ በመታው ማሳ ላይ ከሌሎች ጋር እኩል ርቀት ጠብቆ፣ ዓይኑን ከመሬት ሳይነቅል በዝግታ ይራመዳል፤ ያገኘውን ገል ሁሉ የመስመሩ ቁጥር በተጻፈበት ከረጢት ይከታል። ከዚያ የማጠብ ሥራ ይከተላል። ገል በንጹሕ ውኃና በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ይታጠባል፤ ሸክላው ከምን ዓይነት ጭቃና አሸዋ እንደተሠራ የሚነበበው ከስብራቱ ጠርዝ ስለሆነ በተለይ ጠርዙ መጥራት አለበት። ውስጡ ላይ ጥቁር የምግብ ቃጠሎ የያዘ ከሆነ ግን አይነካም፤ በድስቱ የተበሰለውን ነገር ስብ ለመለየትና በራዲዮካርቦን ዘመኑን ለመለካት ሊያገለግል ይችላልና። ብረት ጭራሽ ውኃ አይነካውም። ገሉ ሲደርቅ፣ ሲቆጠርና ሲታሸግ የቁጥሩ ወረቀት አብሮት ይዞራል። አንድ ሰው ቸኩሎ የሁለት ከረጢት ገል ቢቀላቅል ማንም የማያስተካክለው ጥፋት ነው፤ ገሉ አልተሰበረም፣ ከየት እንደመጣ ግን ዳግመኛ አይታወቅም። ይህን ሥራ አሰልቺ ነው ብሎ የሚሸሽ ሰው፣ ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ የአፈር ቀለም መለወጡን ሳያይ ዝም ብሎ የሚቆፍረው እሱ ነውና፣ ማኅበራት ጀማሪን በዚህ ማስጀመራቸው ትክክል ነው።

ባለሙያ ብቻ ይንካው ለሚሉት መልሴ፣ ባለሙያ በሁሉም ቦታ ሊገኝ አይችልም የሚል ነው። የጥንት የድንጋይ መሣሪያዎች መገኛ የሆነውና እ.ኤ.አ. በ2024 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው መልካ ቁንጡሬ እ.ኤ.አ. በ1963 ለምርምር ዓለም የተዋወቀው በሆላንዳዊ የውኃ ባለሙያ በጄራርድ ዴከር አማካይነት ነው። ወንዝ ዳር የሚውል፣ መሠረት ሲቆፈር የሚመለከት፣ የማሳውን አፈር በየወቅቱ የሚያይ ሰው ከሁሉ ቀድሞ ያያል፤ ያየውን የሚነግረው አካል እስካለ ድረስ። እንግሊዝና ዌልስ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ በብረት መፈለጊያ መሣሪያም ሆነ በአጋጣሚ ዕቃ ያገኘ ሰው በፈቃዱ የሚያስመዘግብበትን ሥርዓት ዘርግተው ከአንድ ሚሊዮን በላይ ዕቃዎች ተመዝግበዋል። ሕጉ ግን ከአገር አገር ስለሚለያይ፣ በብዙ አገሮችም ያለ ፈቃድ መቆፈር ወንጀል ስለሆነ፣ ፈቃድ ማውጣትን እንደ ትርፍ ጣጣ የሚቆጥር ማኅበር ካጋጠመ መራቅ ይሻላል።

የተቺዎች አንድ ነጥብ ግን እውነት ነው። ቆፍረው ሳይጽፉ የሚቀሩ ማኅበራት አሉ፤ ሣጥኑ በአንድ አባል ቤት ይከመራል፣ አባሉ ሲያርፍ ወይም ሲዛወር ማስታወሻው ይጠፋል። ስለዚህ ለመመዝገብ የሚሄድ ሰው ሦስት ነገር ቢጠይቅ ነውር የለበትም፦ የመጨረሻው ቁፋሮ ሪፖርት የት አለ? ዕቃውና ሥዕሉ የተቀመጠው በየትኛው ሙዚየም ወይም መዝገብ ቤት ነው? ቦታው ላይ የሚቆጣጠረው የሠለጠነ ሰው ማን ነው? መልሱ ግልጽ ከሆነ፣ ጉልበቱ መንበርከክ የማይችል ሰው እንኳ የሚሠራው አያጣም፤ የጉድጓዱን ግድግዳ የሚያሳየውን ንድፍ በንጹሕ የሚገለብጥ፣ ፎቶግራፍ በቁጥር የሚያስተካክል፣ የድሮ ካርታና የመሬት መዝገብ የሚያገላብጥ፣ ረቂቅ የሚያርም ሰው ሁልጊዜ ይፈለጋል። መልሱ ጭጋጋማ ከሆነ ደግሞ፣ ያልተጻፈው ሪፖርት ተጽፎ እስኪያልቅ ድረስ ማኅበሩ አዲስ ጉድጓድ ባይከፍት እመርጣለሁ፤ አዲሱ አባልም የመጀመሪያ ጉልበቱን በዚያ የቆየ ሣጥን ላይ ቢያውል ማኅበሩን ከማንኛውም ቁፋሮ በላይ ይጠቅመዋል።