ባልዲው አዲስ ነው

የጥፋቱ መነሻ ምስጋና ነው። አንድ ምሽት ለእህቴና ለባለቤቷ ውስኪ ሳወር ሠራሁላቸው። ለአንድ ሰው 60 ሚሊ ሊትር ውስኪ፣ 30 ሚሊ የሎሚ ጭማቂ፣ 20 ሚሊ የስኳር ሽሮፕ፣ ከትንሿ ጠርሙስ ሁለት ርጭት ቢተርስ፣ ማለትም በአልኮል የተዘፈዘፈ መራራ ቅመም። ከበረዶ ጋር ሼከር ውስጥ ከትቼ አሥራ አምስት ሰከንድ ያህል ናጥኩት፤ አጥልዬ ሰጠኋቸው። እህቴ አንዴ ፉት አለችና ዓይኗን ጨፈነች። ባለቤቷ ብርጭቆውን ወደ መብራቱ አንስቶ እንደ ራጅ ፊልም መረመረው። እህቴ ዓይኗን ስትገልጥ ውሳኔው አልቆ ነበር።

«የልደቴ ቀን መጠጡን የምትሠራው አንተ ነህ።»

«ስንት ሰው ትጠሪያለሽ?»

«ኧረ ጥቂት ነው። 60።»

«ታዲያ ምን አለው፤ ማባዛት ነው» አልኩ።

ይህን የተናገርኩት እኔው ነኝ፤ ምስክሮች አሉ። «ማባዛት ነው» የሚል ሰው አራት ልጅ ማሳደግ አንድን ልጅ አራት ጊዜ ማሳደግ የሚመስለው ሰው ነው። እኔም ያን ምሽት እንደዚያ ነበርኩ።

ሒሳብ የሚወድ ጓደኛ አለኝ። ነገሩን ገና ሳልጨርስለት ኮምፒውተሩን ከፍቶ ሰንጠረዥ ዘረጋ። ውስኪ 3.6 ሊትር፣ የሎሚ ጭማቂ 1.8 ሊትር፣ ሽሮፕ 1.2 ሊትር፣ ቢተርስ 120 ርጭት። ጠርሙሱ 750 ሚሊ ስለሚይዝ 4.8 ጠርሙስ ውስኪ እንደሚበቃኝ ነገረኝ። ዜሮ ነጥብ ስምንት ጠርሙስ የሚሸጥ ሰው የለም ስለው በሰው ልጅ ክፉኛ አዘነ። 5 ገዛን። ትተርፋለች የተባለችውን 150 ሚሊ አጎቴ ጠርሙሱ ሳይከፈት አስያዟት። «ልጄ፣ ለአደራ እኔ ዘንድ ትቀመጥ» አሉ።

አንዳንድ ሰው ውስኪ ሳወሩ አረፋ እንዲያወጣ የእንቁላል ነጭ ይጨምርበታል። ጓደኛዬ ይህንንም በ60 አባዝቶ አንድ ረድፍ ሞልቶልኝ ነበር። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል እሰማለሁ፤ 60 ጥሬ እንቁላል ባልዲ ውስጥ ለሰዓታት ቆሞ ወዴት ሊሄድ እንደሚችል ግን ማሰብ አልፈለግኩም። ረድፉን ሰረዝኩት። ከዚያ ሁሉ ሥራ ትክክል ያደረግኩት እሱን ብቻ ይመስለኛል።

1.8 ሊትር የሎሚ ጭማቂ ሰንጠረዥ ላይ አንዲት ጠባብ ሳጥን ናት። አንድ ሎሚ ከ30 እስከ 45 ሚሊ ቢሰጥ ነው፤ ስለዚህ ሳጥኗ ስትፈታ ከ40 እስከ 60 ሎሚ ትሆናለች። ከሃያኛው ሎሚ በኋላ እጄ ላይ መኖራቸውን የማላውቃቸው ጭረቶች ሁሉ አንድ በአንድ ነቅተው ራሳቸውን አስተዋወቁኝ። ከሁለት ቀን በፊት ጨምቄ እንዳልገላገል ደግሞ ጭማቂው በተጨመቀ በሰዓታት ውስጥ ጣዕሙ መጠውለግ ይጀምራል። ልደቱ በሚከበርበት ቀን ሌላው ሰው ፀጉሩን ሲሠራ እኔ ሎሚ ላይ ነበርኩ።

ቢተርሱን 120 ጊዜ እየረጨሁ መቁጠር ጀመርኩ። 47 ላይ ስደርስ አንዱ ብቅ ብሎ መጸዳጃ ቤቱ በየት በኩል እንደሆነ ጠየቀኝ። አሳይቼው ስመለስ 47 ይሁን 74 ጠፋኝ። አማካዩን ወስጄ ከ60 ቀጠልኩ። የሙያው ሰዎች ቢተርስን እንዲህ በደረቁ እንደማያባዙት የሰማሁት በኋላ ነው፤ ኃይለኛ ቅመም ስለሆነ መጀመሪያ ግማሹን አድርገው፣ ቀምሰው፣ ካነሰ ይጨምራሉ።

ሁሉም ሲደመር 6.6 ሊትር ሆነ። ይህን የሚይዝ ዕቃ ቤቱ ውስጥ አንድ ብቻ ነበር፤ ባልዲ። አዲስ ባልዲ ነው፤ የላዩ ወረቀት እንኳ አልተላጠም። እንግዳ ግን ወረቀት አያይም፤ ባልዲ ነው የሚያየው። ያን ምሽት 60 ብርጭቆ ስሞላ 60 ጊዜ «ባልዲው አዲስ ነው» ብያለሁ። አንዳንዱ ሳልጠየቅ ስናገር ጭራሽ ጠረጠረኝ።

በአንድ ነገር ግን እኮራ ነበር። ባልዲውን ከነመጠጡ ማቀዝቀዣ ውስጥ ስላዋልኩት በረዶ አላስፈለገኝም። ቀዝቃዛ ነው፣ ዝግጁ ነው፣ መቅዳት ብቻ ነው። ቀዳሁ።

በግማሽ ሰዓት ውስጥ ቤቱ ተለወጠ። በሰው ፊት ድምፁ ተሰምቶ የማያውቅ አንድ ዝምተኛ ሰው ወንበር ላይ ወጥቶ ግጥም አነበበ፤ ግጥሙ የእሱ መሆኑን ያወቅነው ሲያልቅ ነው፤ ያለቀው ደግሞ ቆይቶ ነው። ለዓመታት የተኳረፉ ሁለት ሰዎች ታረቁና ከአንድ ሰዓት በኋላ በአዲስ ጉዳይ ተኳረፉ። መኪና ይዘው የመጡትን ቁልፍ እህቴ አንድ በአንድ ሰብስባ መሳቢያ ውስጥ ቆለፈችባቸው። ከሁሉ የገረመኝ ግን የአስተያየቱ መለያየት ነው። ቀድመው የጠጡት «ይቆመጥጣል፣ ይለበልባል» ሲሉ፣ መጨረሻ የጠጡት «ጣፋጭ አበዛህበት» አሉ። ሽሮፑ ከባድ ነውና ወደ ባልዲው ሥር ወርዶ ተኝቶ ኖሯል። የሚያማስለው አላገኘም፤ እኔ ስለ ባልዲው አዲስነት በማስረዳት ላይ ነበርኩ።

ጓደኛዬ በማግስቱ ሰንጠረዡን ከላይ እስከ ታች መረመረና «ሒሳቡ ልክ ነው» አለኝ። ልክ ነበር። አሠራሩ ላይ ያልተጻፈው ውሃ ነው የጎደለው።

ሼከር ውስጥ የሚናጥ መጠጥ ከበረዶው የሚወስደው ውሃ የራሱን መጠን ሩብ ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይሆናል። በረዶ የሚያቀዘቅዘው እየቀለጠ ነው። አንድ ኪሎ በረዶ ሲቀልጥ የሚስበው ሙቀት አንድ ኪሎ ውሃን ከ80 ዲግሪ ወደ ዜሮ ለማውረድ ይበቃል፤ ዋጋውን ደግሞ በውሃ መልክ ብርጭቆው ውስጥ ጥሎት ይወጣል። የእህቴን ዓይን ያስጨፈነው መጠጥ 110 ሚሊ አልነበረም፤ 140 ያህል ነበር። አልኮሉም 17 በመቶ ገደማ። በባልዲ የቀረበው ግን በረዶ ሳይነካው የቀዘቀዘ ስለሆነ 22 በመቶ ገደማውን እንደያዘ ነው እንግዳ ጉሮሮ የገባው። ግጥሙ የመጣው ከዚያ ነው።

የድሮ ሰዎች ይህን አልረሱትም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1806 አሜሪካ፣ ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ የሚታተም ጋዜጣ ኮክቴል ምንድን ነው ተብሎ ሲጠየቅ የቆጠረው አራት ነገር ነው፤ አልኮል፣ ስኳር፣ ውሃ፣ ቢተርስ። ውሃን በስሙ ጠርቶታል። ለብዙ ሰው በአንድ ጎድጓዳ ሳህን የሚቀርበው ፐንችም ከዚያ ይቀድማል። ስሙ «አምስት» ከሚለው የህንድ ቃል መጣ ይባላል፤ አልኮል፣ ሎሚ፣ ስኳር፣ ቅመምና አሁንም ውሃ። ከካሪቢያን ደሴቶች የመጣው የፐንች መለኪያ አንድ እጅ ጎምዛዛ፣ ሁለት እጅ ጣፋጭ፣ ሦስት እጅ ብርቱ፣ አራት እጅ ደካማ ይላል። ትልቁን ድርሻ የያዘው ደካማው፣ ማለትም ውሃው ነው። እ.ኤ.አ. በ1694 ኤድዋርድ ራስል የተባለ የእንግሊዝ አድሚራል ስፔን ውስጥ የአትክልት ስፍራ ፏፏቴ በፐንች ሞልቶ ድግስ ጣለ ተብሎ ይተረካል። ቀጂው በትንሽ ጀልባ ፐንቹ ላይ እየቀዘፈ የሚቀዳ ልጅ ነበር፤ ሽታው ስለሚያሰክር በየሩብ ሰዓቱ በሌላ ይተካ ነበር ይባላል። ስለ ፏፏቴው አዲስነት የጠየቀ እንግዳ እንዳለ አልተጻፈም።

ይህን ሁሉ ካወቅኩ በኋላ፣ አንድ የሥራ ባልደረባችን ጡረታ ሲወጣ ለ40 ሰው ልሠራ በፈቃደኝነት ተነሳሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ እኔ ገና በመልቀሙ ላይ ነበርኩ። ለድግስ በነፍስ ወከፍ ግማሽ ኪሎ በረዶ ይያዝ ይባላል። 20 ኪሎ ገዛሁና ግማሹን እንግዳ ከመምጣቱ ሦስት ሰዓት ቀድሜ ባልዲው ውስጥ ገለበጥኩት። ውሃ ጎደለ አላላችሁም? እንካችሁ።

እንግዶቹ ሲደርሱ በረዶው በሙሉ ወደ ትውልድ አገሩ ተመልሶ ነበር። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ነው፤ ብመታው ብመታው የሎሚ ትዝታ ያለው ውሃ ሆኖ ቀረ። ጨዋ ሰው ግን አይጠፋም። አንዷ ጎንጨት ብላ ትንሽ አሰበችና «ለስላሳ ነው» አለች። አድናቆት ይሁን ምድቡን መንገሯ እስካሁን አልገባኝም።

ችግሩ ከዚያ በኋላ መጣ። አንድ ብርጭቆ መጠጥ ባለቤት አለው፤ ማንም እጁን አይሰድበትም። ባልዲ ሲሆን ግን የሕዝብ ነው፤ ያለፈ ሁሉ መብት አለው። አንዱ «ትንሽ ጉልበት ይጎድለዋል» ብሎ ያመጣውን ጂን አፈሰሰበት። ሌላዋ «ቀለሙ አያምርም» ብላ የብርቱካን ጭማቂ ጨመረች። ሦስተኛው ምን እንደጨመረ አላየሁም፤ ዘወር ሲል ግን እጁን እየጠረገ ነበር። እሑድ ወጥ ሲያማስል አይቼው የማላውቅ ሰው ማማሰያዬን ተቀበለኝ። አብረውኝ የመጡት አጎቴም ከኮታቸው ኪስ አንዲት ጠርሙስ አወጡ፤ የአደራዋ 150 ሚሊ ናት። ልታልቅ ሁለት ጣት ቀርቷት ነበር። እሷንም ገለበጧት። ጓደኛዬ ዳር ቆሞ የእያንዳንዱን መጠን ሊመዘግብ ሲሞክር አየሁት፤ ከአራተኛው ሰው በኋላ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ባልዲው ውስጥ ያለው ግሩም መጠጥ ሆኖ ነበር። ይህን ስጽፍ ምላሴ ይመሰክራል። ስድስት ሰው አሠራሩን ላክልን አለኝ።

በዓመቱ የእህቴ ልደት ተመልሶ መጣ፤ አሁንም 60 ሰው። በዚህኛው ጊዜ ሥራው ሥራ ሆነ። ለ6.6 ሊትሩ 1.65 ሊትር ንጹሕ ውሃ ለክቼ ጨመርኩና በአንድ ላይ አቀዘቀዝኩት። ቢተርሱን በግማሽ ጀመርኩ። ፍርፋሪው ቧንቧውን እንዳይደፍን ጭማቂውን አጠለልኩት፤ ባልዲው ተሰናብቶ ቧንቧ ያለው የመስታወት ዕቃ ገዝተናልና። በረዶው ለብቻው በባልዲ ቀረበ፤ አዎ፣ በዚያው ባልዲ። «ሶዳውን ከጠዋት እንጨምረው» ላለኝ ሰው ማታ ለሶዳው ሐዘን መቀመጥ እንደማልፈልግ ነገርኩት፤ ጋዝ ያለው ነገር የሚገባው ብርጭቆው ላይ፣ መጨረሻ ነው።

ቀማሽነቱን አጎቴ ወሰዱ። ቅዝቃዜ ጣፋጭነትን ያደበዝዛልና ሳይቀዘቅዝ የተቀመሰ መጠጥ ያሳስታል፤ ስለዚህ ቀዝቅዞ ነው የሚቀመሰው አልኳቸው። በአምስተኛው ማንኪያ «ልክ ነው» አሉ፣ በስድስተኛው «ልክ መሆኑን ላረጋግጥ» አሉ፣ ከዚያ በኋላ ማንኪያው ትንሽ ነው ብለው ብርጭቆ አስመጡ።

ጓደኛዬ አዲስ ሥጋት ይዞ መጣ። ሰው በመጀመሪያው ሰዓት ሁለት፣ ከዚያ በየሰዓቱ አንድ ይጠጣል የሚል ስሌት አግኝቶ፣ ለ60 ሰው በሦስት ሰዓት 240 ብርጭቆ፣ 14.4 ሊትር ውስኪ አለኝ። ሰንጠረዡ ቀይ ሆኖ ነበር፤ እሱም። ብርጭቆዎቹን አሳነስን፤ መጠጡ ሲያልቅ ያልቃል ተባባልን። አለቀም፤ ማንም አልሞተም።

ሁሉም አማረ። አማረ ማለቴ ግን፣ 8.25 ሊትር ተቀላቅሎ ካለቀ በኋላ «ለእኔ ያለ ስኳር አድርግልኝ» ያለኝን ሰው ሳልቆጥር ነው። ሌላው ደግሞ ከዚያው ዕቃ «የእኔን ሎሚ ቀንስ» አለኝ። ቧንቧውን በቀስታ ከፍቼ ቀዳሁለት። ቀምሶ «አሁን ገና» አለኝ።

ባለፈው ሳምንት እህቴና ባለቤቷ ብቻቸውን ቤቴ መጡ። «ያንን የመጀመሪያ ቀን የሠራህልንን» አለችኝ። የሁለት ሰው አሠራር የጻፍኩባት ወረቀት ከጠፋች ቆይታለች፤ የቀረኝ የ60 ሰው ሰንጠረዥ ነው። ምን አለው፤ ማካፈል ነው! በ30 አካፈልኩ። ውስኪ 120፣ ሎሚ 60፣ ሽሮፕ 40፣ ውሃ 55 ሚሊ። አንድም ሳላዛንፍ ለካሁ፣ ሼከሩን በበረዶ ሞላሁ፣ አሥራ አምስት ሰከንድ ያህል ናጥኩ፣ አጥልዬ ሰጠኋቸው።

እህቴ አንዴ ፉት አለች። ዓይኗን አልጨፈነችም። ባለቤቷ ብርጭቆውን ወደ መብራቱ አንስቶ ለረጅም ጊዜ አየው።

«ለስላሳ ነው» አለ።