ቲቢ አይደለም ከተባለ በኋላ ማን ይከታተል?

ለወራት ሲያስል የከረመ ሰው ጤና ጣቢያ ሲደርስ መጀመሪያ የሚጠየቀው አክታ ነው። ትክክል ነው፤ ቲቢ ዛሬም ከመካከላችን አልጠፋም። ችግሩ የሚመጣው ውጤቱ «ነጋቲቭ» ሲሆን ነው። ታካሚውም ባለሙያውም እፎይ ይላሉ፣ አሞክሳሲሊን ይታዘዛል፣ ካርዱ ወደ ካርድ ክፍል ይመለሳል። ሳሉ ግን አብሮ ቤት ይገባል። ከጥቂት ወራት በኋላ ያው ሰው ተመልሶ ይመጣል፣ ሌላ ባለሙያ ያየዋል፣ እንደገና አክታ፣ እንደገና አንቲባዮቲክ። «ታዲያ ምንድን ነው የሚያስለኝ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የመስጠት ግዴታ ያለበት ሰው በየጤና ጣቢያው በስም መታወቅ አለበት ብዬ አምናለሁ።

መልሱ ብዙ ጊዜ አስም ነው፤ ወይም ሲጋራና የማገዶ ጭስ ቀስ በቀስ የአየር ቧንቧን የሚያጠብቡበት ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ፤ ወይም ደግሞ ድሮ ታክሞ የዳነ ቲቢ የተወው ጠባሳ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ሥር የሰደደው የሳንባ በሽታ ብቻ እ.ኤ.አ. በ2021 የ3.5 ሚሊዮን ሰዎችን ሕይወት ቀጥፏል። በእኛ አገር ሲጋራ በአፋቸው ዞሮ የማያውቅ እናቶች ደረጃ ለመውጣት ትንፋሽ ሲያጥራቸው «ብርድ ነው»፣ «እርጅና ነው» ይባላል። ዕድሜ ልካቸውን በኩበትና በእንጨት ጭስ እንጀራ ሲጋግሩ እንደኖሩ የሚጠይቃቸው ጥቂት ነው።

ይህን ለመለየት የግድ ስፔሻሊስት አያስፈልግም። ትንፋሽ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚወጣ የሚለካው ፒክ ፍሎው ሜትር የሚባለው መሣሪያ መብራት የማይፈልግ የፕላስቲክ ቱቦ ነው። ታካሚው ቆሞ በሙሉ ኃይሉ ሦስት ጊዜ ይነፋል፣ ትልቁ ቁጥር ይመዘገባል። የአየር ቧንቧን የሚከፍተውን ሳልቡታሞል ስቦ ጥቂት ደቂቃ ካረፈ በኋላ እንደገና ይነፋል። ቁጥሩ ሃያ በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ከጨመረ አስም የመሆኑ ዕድል ከፍተኛ ነው። ነርስ ይህን በሚገባ ትሠራዋለች።

ነርሶች እንደሚችሉት የተረጋገጠው ደግሞ በዚሁ በአፍሪካችን ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በደቡብ አፍሪካ ፍሪ ስቴት ክፍለ ሀገር 40 ክሊኒኮች በሁለት ተከፍለው ጥናት ተደረገ። በግማሾቹ አሠልጣኝ ነርሶች ወደ ክሊኒኩ ራሳቸው እየሄዱ፣ ባልደረቦቻቸውን በሥራ ቦታቸው ሰብስበው፣ ቲቢን፣ አስምንና ሌሎች የሳንባ በሽታዎችን በአንድ መመሪያ አስተማሩ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2005 ታተመ፦ በሠለጠኑት ክሊኒኮች ቲቢ የተገኘባቸው ታካሚዎች 6.4 በመቶ ሲሆኑ በሌሎቹ 3.8 በመቶ ነበሩ፤ የሚሳብ ስቴሮይድ፣ ማለትም የአየር ቧንቧን እብጠት የሚያበርድ የአስም መድኃኒት፣ የታዘዘላቸው ደግሞ በሠለጠኑት 13.7 በመቶ፣ በሌሎቹ 7.7 በመቶ። አስምን በደንብ መፈለግ ቲቢ ፍለጋውን አላዳከመውም፤ እንዲያውም ሁለቱም ተሻሻሉ። ከዚያ ሥራ ያደገው መመሪያ ለኢትዮጵያም ተስማምቶ በጤና ጣቢያዎቻችን ሥራ ላይ እንዲውል ተደርጓል። ስለዚህ መጽሐፉ አለን። የጎደለን በዙሪያው አብሮ የሚቀመጥ ቡድን ነው።

ፓፍን፣ ማለትም እየተጫነ በአፍ የሚሳበውን መድኃኒት፣ እንውሰድ። ሐኪሙ ያዝዛል፣ ፋርማሲው ይሰጣል፣ አጠቃቀሙን ግን ሐኪሙ ፋርማሲው ያሳያል ብሎ ይተወዋል፣ ፋርማሲውም ሐኪሙ አሳይቷል ብሎ ያልፈዋል። ታካሚው ቤቱ ሄዶ ይጫነዋል፤ መድኃኒቱ ምላሱ ላይ ይቀራል፣ ሳንባው ምንም አልደረሰውም፤ ከዚያ «አልሠራልኝም» ብሎ ያስቀምጠዋል። መወዝወዝ፣ ቀድሞ አየር ማስወጣት፣ በዝግታ እየሳቡ መጫን፣ አሥር ሰከንድ ትንፋሽ መያዝ፦ ይህን ማሳየት አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ ግን የማን ሥራ እንደሆነ መወሰን አለበት። እኔ ለፋርማሲው እሰጠዋለሁ፣ በየቀጠሮውም ነርሷ «እስቲ ሲስቡ ልይ» እንድትል።

እየሳቡ መጫን ለሚያቅታቸው፣ በተለይ ለሕፃናት፣ መፍትሔው ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ነው። የጠርሙሱ ቂጥ በፓፉ አፍ ልክ ይበሳል፣ ክፍተቱ በፕላስተር ይደፈናል፣ ልጁ በጠርሙሱ አፍ በኩል በተረጋጋ ትንፋሽ ይስባል። የኬፕ ታውን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1999 ላንሴት መጽሔት ላይ ባሳተሙት ጥናት ይህ ጠርሙስ አስም ለተነሳባቸው ልጆች ከፋብሪካው ዕቃ እኩል ጠቅሟል። ፈጠራ ስንል ውድ ማሽን ብቻ መጠበቃችን ያሳዝነኛል።

የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋም የዚህ ቡድን አካል ናት። ምጣዱ የት እንደተጣደ፣ ጭሱ በየት እንደሚወጣ፣ ማን ከዛሬ ነገ እየባሰበት እንደሆነ የምታየው እሷ ናት። ያየችው ግን ወደ ተመላላሽ ክፍሉ ካልደረሰ ደብተሯ ውስጥ ይቀራል።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ቤክሎሜታዞን የሚባለው የሚሳብ ስቴሮይድ ነው። ሳልቡታሞል ለጊዜው ያስተነፍሳል፤ በአስም ሕመምተኛ የአየር ቧንቧ ውስጥ ያለውን እብጠት የሚያበርደው ግን የሚሳበው ስቴሮይድ ነው። ዓለም አቀፉ የአስም መመሪያም እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ አዋቂዎችንና ወጣቶችን በሳልቡታሞል ብቻ ማከም አይመከርም ይላል። በጤና ጣቢያ ግን ባለሙያው «የለም» ብሎ አያዝዝም፣ ፋርማሲውም «ማንም አያዝዝም» ብሎ አያስመጣም። ሁለቱ በአንድ ግቢ ውስጥ ናቸው። የሚቀጥለው የመድኃኒት ጥያቄ ከመላኩ በፊት ነርሷ፣ ጤና መኮንኑና የፋርማሲው ባለሙያ የአስም ታካሚዎችን መዝገብ ይዘው አብረው ይቀመጡ፣ ስንት ሰው ስንት ፓፍ እንደሚያስፈልገው ይቁጠሩ፣ ቤክሎሜታዞንንም በጥያቄው ላይ ያስገቡ።